ከፊርማው በታች

የእጅ ጽሑፌ ቆንጆ ነው። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ኩራቱ ድሮ ወጥቶልኛል። ጽሑፌ ዶሮ የጫረው ቢመስል ኖሮ ግን የምነግራችሁ ነገር አይኖረኝም ነበር፤ አንዲት እናትም ከሞቱ በኋላ በሰው አፍ ባልገቡ።

ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው። ቀይ ሽብር በረድ ብሎ፣ ጠዋት መንገድ ላይ ሬሳ ማየት ቀርቶ፣ እስር ቤቶቹ ግን እንደሞሉ የቀሩበት ጊዜ። እኔ የሃያ አራት ዓመት ታይፒስት ነበርኩ። ከምሠራበት መሥሪያ ቤት አንድ ፓኮ ስቴንስል ጠፋ። ያን ጊዜ ስቴንስል ጠፋ ማለት የሚበተን ወረቀት ሊባዛበት ነው ማለት ነው፤ የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ደግሞ እኔ ጋ ነበር። በቃ፣ ያዙኝ። ማን እንደወሰደው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ አሁን ባውቀውስ ምን አደርገዋለሁ።

ያሰሩኝ እዚያው ተወልጄ ባደግኩበት ጉለሌ፣ ከአንድ ነጋዴ በተወረሰ ቪላ ውስጥ ነው። ሳሎኑ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሆኗል። ወንዶቹን ሰርቪስ ቤቶቹ ውስጥ፣ እኛን ሴቶቹን ጋራዡ ውስጥ አጎሩን። የማኪና ዘይት ሽታ ከሲሚንቶው አልለቀቀም ነበር፤ ልብሳችን ሁሉ ያንን ይሸት ነበር። ከጣሪያው ሥር አንዲት ጠባብ መስኮት አለች። ባልዲ ገልብጦ የቆመ ሰው በአንድ በኩል የእንጦጦን ባሕር ዛፍ፣ በሌላ በኩል የጳውሎስ ሆስፒታልን ጣሪያ ያያል። በእግር ሩብ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው።

ስምንት ወር ስቀመጥ አንድም ሰው ቀርቦ አልጠየቀኝም። አንድ ጠዋት ሊቀመንበሩ አስጠራኝ። ከአብዮቱ በፊት ወፍጮ ቤት እህል ይመዝን የነበረ የሰፈራችን ሰው ነው፤ እናቴን በስሟ ያውቃታል። ሊቀመንበር ከሆነ ወዲህ ወረቀት የሚባል ነገር ነፍሱ ነው። ማኅተም፣ ፋይል፣ ቀይ እስክሪብቶ፣ እነዚህን ሲያይ ፊቱ ይፈካል።

«ከበላይ አካል መመሪያ መጥቷል» አለኝ። «እስረኛ እንዴት አድርጎ አቤቱታ እንደሚያቀርብ። በትልልቁ ተጽፎ በየክፍሉ ይለጠፍ፣ ለአዲስ ገቢም በገባበት ቀን ይነበብለት ይላል። ጽሑፍሽ ያምራል አሉኝ። አንቺ ትጽፊዋለሽ፣ የሴቶቹ ክፍል ተጠሪም አንቺ ነሽ።»

ማኒላ ወረቀትና ጥቁር ፍሎማስተር ሰጠኝ። ደስ እያለኝ ጻፍኩት። ስምንት ወር ሙሉ ምንም ያልጻፈ እጄ እንደገና ሰው የሆነ መሰለኝ። መስመሩን በማስመሪያ አሰመርኩ፣ የፊደሎቹን እግር አስተካከልኩ፣ ርዕሱን ሁለት ጊዜ አደመቅኩት። አምስት ነጥብ ነበረው። አቤቱታ በክፍል ተጠሪ በኩል በጽሑፍ ይቀርባል። መጻፍ ወይም ማየት ለማይችል ተጠሪው ይጽፍለታል፤ የተጻፈውም ሳይፈረም በፊት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይነበብለታል። አንድ አቤቱታ አንድ ጉዳይ ብቻ ይይዛል። ማንኛውም አቤቱታ በአብዮታዊ መፈክር ይዘጋል። አቤቱታ በማቅረቡ ምክንያት ማንም አይቀጣም።

አምስተኛዋን ስናነብ ጋራዡ ውስጥ ሳቅ ሆነ። የመጀመሪያው አቤቱታ የቀረበው በትኋን ምክንያት ነው። ሁላችንም ተነስተን አስተያየት ሰጠንበት፣ እኔ አሳምሬ ጻፍኩት፣ መፈክሩን አስገባሁ። በሦስተኛው ቀን መልሱ መጣ፦ ትኋን ያለበት ዕቃ በሙሉ ይውጣ። ምንጣፎቻችንን ጠቅልለው ወሰዱና ሲሚንቶው ላይ ቀረን። ከዚያ ወዲህ ማንም አቤት ያለ አልነበረም። እኔ ግን ለአዲስ ገቢ ሁሉ ማንበቤን፣ መስማታቸውንም ደብተር ላይ ማስፈረሜን ቀጠልኩ። ሥራ ነበረኛ። እስር ቤት ውስጥ ሥራ ያለው ሰው እንዴት እንደሚንጠራራ ያላየ አያምንም።

እማማ የገቡት ከክረምቱ በፊት ነው። በመስኮቷ የሚታየው ሆስፒታል ልብስ አጣቢ ነበሩ፤ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ቀርቷቸዋል። እጃቸው በሳሙና ብዛት ተላልጦ ነጥቷል። ጴንጤ ናቸው። ቸርቻቸው ስለታሸገ በየሰው ቤት እየተሰበሰቡ ነበር የሚጸልዩት፤ የተያዙት ግን በዚያ አይደለም። በቀበሌ ስብሰባ ሁሉም ሰው ግራ እጁን አንስቶ «ከሁሉም በላይ አብዮቱ!» ሲል፣ እሳቸው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይቀመጣሉ። ሁለት ጊዜ ተመከሩ፣ በሦስተኛው አመጧቸው።

መመሪያውን ሳነብላቸው እንደ ስብከት በጥሞና ሰሙኝ። ሲያልቅ፣ «ሁለተኛዋን ድገሚልኝ እስቲ ልጄ» አሉ።

ደገምኩላቸው።

«እሷ ጥሩ ናት» አሉ። «ስኳር አለብኝ፤ ዓይኔ ደቃቅ ጽሑፍ አያይም። ካላነበቡልኝ የምፈርመውን አላውቅም።» ደብተሩ ላይ መስመሯን በጣታቸው ዳስሰው ፈረሙ። ሰፋ ያለች፣ ወደ ላይ የምታቀና ፊርማ ነበረቻቸው።

ልጃቸው ቀን በቀን ምሳ ይዛ ትመጣለች። ምግቡ በር ላይ ይቆማል፤ እኔ የባለቤቱን ስም ፕላስተር ላይ ጽፌ ሳህኑ ላይ እለጥፋለሁ፤ አብዮት ጥበቃው እንጀራውን በሽቦ እየወጋ ደብዳቤ ይፈልጋል። ልጅቷ የእናቷን ኪኒን በብልቃጥ ይዛ መጣች። ጥበቃው ብልቃጡን ነቅንቆ መለሰላት።

«መድኃኒት አይገባም። ከዚህ ቀደም ሰው ውጦ ሞቶብናል።»

«ስኳር ነው እኮ ያለባት፣ ጓድ!»

«መመሪያው ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። አቤት ትበል።»

ሳምንት ሳይሞላ እማማ ውሃ አልበቃ አላቸው። ግራ እግራቸው አውራ ጣት ላይ የነበረች ትንሽ ቁስል ከፋች። አቤቱታውን እኔ ነኝ ያስጀመርኳቸው። «ይጻፉ እማማ፣ የጤና ጉዳይ ነው፣ እንቢ አይሉም» አልኩ። እሳቸው ቃሉን እየመረጡ ነገሩኝ፣ እኔ ጻፍኩ፦

«የስኳር በሽተኛ ነኝ። እግሬ ቆስሏል። ኪኒኔ እንዲገባልኝ፣ ካልሆነም ሠላሳ ዓመት ልብስ ወዳጠብኩበት ሆስፒታል በጠባቂ ደርሼ እንድመለስ እለምናለሁ። አልጠፋም፤ ለመጥፋት እግሬም አይችልም። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ግዴለዎትም ብላቸው እንቢ አሉ። «ቃሉ የኔ መሆኑ ይታወቅ» አሉ።

«መፈክሩስ?» አልኩ። «አራተኛው ነጥብ ላይ አለ።»

«እሱ አይጻፍም።»

«እማማ፣ ሦስት ቃል ናት።»

«ከሁሉም በላይ የሆነው አንድ ነው፣ ልጄ። እሱን በኪኒን አልለውጠውም።»

እንዳሉት ሰጠሁላቸው። በአራተኛው ቀን ተመለሰ። በቀይ እስክሪብቶ ግርጌው ላይ ተከቦ፣ «ነጥብ አራት ይሟላ» ይላል።

ነገርኳቸው። «እንግዲህ ይቅር» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ያን ጊዜ የተሰማኝን ሳልሸሽግ ልናገር። አዘንኩላቸው፣ ተናደድኩባቸውም። እኔ መፈክሩን ቀን ከቀን እጮህ ነበር። የኦርቶዶክስ ልጅ ነኝ፣ ጾሜን እጾማለሁ፣ ግራ እጄንም አነሳለሁ፤ ከአፌ አልፎ የትም አይደርስም እል ነበር። እሳቸው አጠገቤ ተኝተው ቁስላቸው መሽተት ጀምሯል፣ ሆስፒታሉ በመስኮት ይታያል፣ እንዳይደርሱ የሚያግዷቸው ሦስት ቃሎች ናቸው። ምን ዓይነት ግትርነት ነው እያልኩ ስብሰለሰል ሰነበትኩ። ደግሞም፣ እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ የጻፍኩት ነገር በቀይ ተከቦ መመለሱ አንገብግቦኛል።

አዲስ ወረቀት አምጥቼ ያንኑ አቤቱታ ገለበጥኩ። «እንደገና ላስገባልዎት፤ ምናልባት ሌላ ሰው ያየው ይሆናል» አልኳቸው።

«ያው ነው?»

«ያው ነው እማማ።»

«እስቲ አንብቢልኝ።»

አነበብኩላቸው። «ይህን ያልኩት እኔ ነኝ» የሚለው ላይ ስደርስ ቆምኩ። እሳቸው መስመሯን በጣታቸው ፈልገው ፈረሙ። ከፊርማቸው በታች ሆን ብዬ አንድ መስመር ባዶ ትቼ ነበር። መስኮቱ ሥር ሄጄ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ያችን መስመር ሞላኋት። ከጻፍኩት ሁሉ እሷን የሚያህል አሳምሬ የጻፍኩት የለም።

ቅዳሜ ጠዋት ግቢው ውስጥ የውይይት ክበብ ይካሄዳል፤ እስረኛውም የቀበሌው ነዋሪም ይሰበሰባል። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ይዞ፣ ፊቱ ፈክቶ ቆመ። እማማን ከመሀላችን አስነሳቸው። አንዲት ወጣት ብብታቸውን ይዛ ደገፈቻቸው።

«እማማ፣ እንኳን ደስ አለዎት» አለ። «ሰው ከስህተቱ ይማራል። አቤቱታዎን አይተነዋል። አሁን ግርጌው ላይ የጻፉትን እዚህ ሕዝብ ፊት በአፍዎ ይበሉትና፣ ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሄዳሉ።»

«የቱን ነው የጻፍኩት?» አሉ እማማ።

አነበበላቸው።

«እሱን አላልኩም።»

ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ይዞ መጥቶ እጃቸው ላይ አኖረው። ዓይናቸው ድረስ አስጠግተው አዩት፣ ፊርማቸውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። «ፊርማው የኔ ነው» አሉ። «ከሱ በታች ያለውን አላውቀውም።»

ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ፣ ተነሺ። በመመሪያው መሠረት አንብበሽላቸዋል?»

«አዎ።»

«እስከ መጨረሻው?»

ከሳምንት በፊት ሁለት ሴቶች ከጋራዡ ተጠርተው ከቀበሌው በላይ ወዳለው ከፍተኛ ተወስደዋል፤ አልተመለሱም። መፈክር በሰው ስም ፈልስፋ ጻፈች ቢባል ምን እንደሚደርስብኝ አላውቅም፤ አለማወቄ ነው ያስፈራኝ። እማማ በደበዘዘው ዓይናቸው ድምፄ ወደመጣበት ዞረዋል። እንድናገር የጠበቁኝ ይመስለኛል።

«እስከ መጨረሻው» አልኩ።

በእኔ ላይ አንዲት ቃል ቢወጣቸው እኔም እንደዚያው እወሰድ ነበር፤ ያንን ከኔ ይልቅ ያውቁታል። አፋቸውን ገጥመው ቆሙ። ሊቀመንበሩ እስከዚያች ደቂቃ እርስዎ ሲላቸው ነበር፤ ያን ጊዜ ግን፣ «አንቺ ውሸታም አሮጊት!» ብሎ ጮኸ። «ፈርመሽ ትክጃለሽ? በአብዮቱ ታሾፊያለሽ?» ቀጥሎ ረጋ አለና መመሪያውን ጠቀሰ። አቤቱታ በማቅረቧ አትቀጣም፣ ነጥብ አምስት ግልጽ ነው፤ ነገር ግን አቤቱታዋ በሐሰት ምክንያት ውድቅ ሆኗል አለ። ወረቀቱንም ለሌላው ትምህርት ይሁን ብሎ በቀበሌው በር ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አስለጠፈው። የሚያልፈው ሰው ሁሉ የእማማን ፊርማና ከሥሩ ያለውን መፈክር ያነብ ጀመር።

ጋራዡ ውስጥ ያን ቀን አጠገባቸው መቀመጥ አቃተኝ። ከሰዓት በኋላ እሳቸው ጠሩኝ።

«አንቺ ነሽ አይደል?»

«እኔ ነኝ።»

«ለኔ ብለሽ ነው፤ ገብቶኛል። ግን አልጠየቅሽኝም።»

«ብጠይቅዎት እንቢ ይሉኝ ነበር።»

«እንቢ እልሽ ነበር» አሉ። ተቆጥተው ነበር። «ዓይኔን ስኳር ወሰደው። ቸርቼን አሸጉት። እንቢታዬ ብቻ ነበር የቀረኝ፣ እሱን ደግሞ አንቺ ወሰድሽብኝ።»

እግራቸው ሥር ተደፍቼ አለቀስኩ። አልገፉኝም፣ አይዞሽም አላሉኝም። ከዚያ በኋላ ቁስላቸውን በጨው ውሃ ሳጥብላቸው ይፈቅዱልኝ ነበር፤ ያችን ነገር ግን ዳግመኛ አላነሷትም።

ዘጠኝ ቀን ቆዩ። በዘጠነኛው ቀን ሰው መለየት አቃታቸው። ጮኸን ጮኸን፣ ቀትር ላይ አራት ሰዎች መጥተው በብርድ ልብስ አወጧቸው። ባልዲው ላይ ቆሜ እስከማይታዩ ድረስ አየኋቸው። ወደ ጳውሎስ ነበር የወሰዷቸው። በማግስቱ በሩ ላይ የምሳ ሳህኖቹን ስም ልጽፍ ፕላስተሩን ስቆርጥ ጥበቃው ቀና ሳይል፣ «የሴትዮዋን ተይው፣ ከእንግዲህ አይመጣም» አለኝ። መሞታቸውን በዚህ አወቅኩ።

እኔ ከአምስት ወር በኋላ ተፈታሁ። አሁንም የጠየቀኝ አልነበረም፤ «ሂጂ» ብቻ አሉኝ። ቤቴ በገባሁ በሳምንቱ የእማማ ልጅ መጣች። እኩያዬ ናት። ጥቁር ለብሳለች፤ እናቴ ወንበር ሰጥታት ወደ ጓዳ ገባች።

«አብረሻት ነበርሽ ብለውኝ ነው» አለች። ነጠላዋን ጣቷ ላይ ትጠቀልላለች። «ወረቀቱን በር ላይ አይቼዋለሁ። ፊርማዋ ነው፤ የትም ባየው አውቀዋለሁ። አብረዋት የሚጸልዩት ሰዎችም አይተውታል። ቀብሯ ላይ ከነሱ ውስጥ ሁለት ብቻ ናቸው የመጡት። ሌሎቹ ክዳለች ብለው ቀሩ። መዝሙር እንኳን አልተዘመረላትም።»

ወንበሬን ወደ እሷ አስጠጋሁ።

«እውነቱን ንገሪኝ፣ አልቀየማትም» አለች። «እኔ እንዲያውም ጽፋው ቢሆን ደስ ይለኛል። አንድ መስመር ጻፊና ዳኚ ብዬ በር ላይ ቆሜ እየጮህኩ ስንት ቀን ለምኛታለሁ። ጽፋው ከሆነ ለኔ ብላ ለመኖር ሞክራለች ማለት ነው። አላለችውም ካልሽኝ ደግሞ... አላውቅም። ጥላኝ ሄደች ማለት ይሆናል። ብቻ ልወቀው።»

ለውሸቱ በር የከፈተችልኝ ልጅቷ ራሷ ናት። አዎ ጽፈዋል፣ ለአንቺ ሲሉ ነው ብላት ተጽናንታ ትሄድ ነበር፤ እኔንም የሚጠይቀኝ ሰው አይኖርም ነበር። አንዴ «እስከ መጨረሻው» ብያለሁ፤ ሁለተኛው እንዴት ቀላል እንደሆነ ያን ጊዜ ተሰማኝ። በአፌ ጫፍ መጥቶ ነበር።

«አቤቱታቸውን በቃሌ አውቀዋለሁ» አልኳት። «ልበልልሽ?»

በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

ከመጀመሪያው ጀመርኩ። የስኳር በሽተኛ ነኝ። እግሬ ቆስሏል። ሠላሳ ዓመት ልብስ ወዳጠብኩበት ሆስፒታል። አልጠፋም፤ ለመጥፋት እግሬም አይችልም የሚለው ጋ ስደርስ ልጅቷ ሳቅ አመለጣት፣ ወዲያው እንባዋ መጣ። «የሷ አነጋገር ነው» አለች። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ አልኩና ቆምኩ።

«ከዚያስ?» አለች።

«እዚህ ላይ ነው የፈረሙት» አልኳት። «ከፊርማው በታች ያለው የኔ ነው። ሳላነብላቸው ነው የጻፍኩት።»

ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች። የምትመታኝ መስሎኝ ነበር፤ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ቦርሳዋን ከፍታ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣችና ፊቴ አስቀመጠች።

«ጻፊው» አለች። «አሁን ያልሽኝን፣ እንዳለ። እሁድ ለጸሎት ሲሰበሰቡ አነብላቸዋለሁ።»

ጻፍኩ። ሳላሰምር ስለጻፍኩ ፊደሎቹ ተዛነፉ፤ የመጀመሪያው አስቀያሚ ጽሑፌ ነው። ስጨርስ ከእጄ ወስዳ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጮክ ብላ አነበበችልኝ፣ ከዚያ እንድፈርም ሰጠችኝ።